ቁልቁለቱን ሳያዩ ቴላዮ መግዛት

ጀሪፍ ሜዳ ነው። ዓባይ ካርቱም መሀል ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰፈሩን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል። ከየትኛውም ዳር ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጉብታ አያገኝም፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ነው። በስደት ያለፉበት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጀሪፍን የሚያስታውሱት በሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ በጀበና ቡናው፣ በቤት ኪራይ ንትርኩና «ቀጥሎ ወዴት?» በሚለው ወሬ ነው። የካርቱም ሰው ግን ጀሪፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ጡብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያወርደው ደለል ዳርቻው ላይ ያርፍ ነበር። ሠራተኞች ቆፍረው፣ አቡክተው፣ ቅርጽ አውጥተውለት፣ ከምረው ይተኩሱት ነበር። ከካርቱም ግንብ ቀላል የማይባለው በእኛ አፈር የቆመ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ቁልቁለት ካለ ሰው የቆፈረው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት እዚያ ያደጉ ልጆች ሲያወሩ፣ ጡብ ሠሪዎች አፈሩን አውጥተው የተዉት ጉድጓድና የወንዙ ዳር እርከን የብስክሌት መዝለያቸው እንደነበር ይናገራሉ። ብስክሌቱ ከባድ የብረት ቴላዮ (አጽም) ያለው፣ ሞላ የማያውቅ፣ ፍሬኑ ሲያልቅ በጫማ ሶል የሚቆም ነው። ማታ በስልክ የሚያዩት ግን ሌላ ነበር፤ ከዩታ ቀይ ገደል ላይ ብስክሌቱን ይዞ ራሱን የሚወረውር ጋላቢ።

ጦርነቱ ብዙዎቹን በመተማ በኩል ወደ አገር መለሳቸው። ከእነሱ አዲስ አበባ የደረሰው ወጣት ቀና ሲል የሚያየው እንጦጦን ነው፤ ጫፉ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ያኔ የስልኩ ምኞት የሚደረስበት ይመስላል፣ ጥያቄውም ይከተላል፦ ለቁልቁለትና ለዝላይ የሚሆን ምን ዓይነት ቴላዮ ልግዛ?

መልሱን በፋብሪካ ስም የሚጀምር አማካሪ ሞልቷል። እኔ ከመሬቱ ብጀምር እመርጣለሁ። እንጦጦ ውኃ ከፋይ ነው፤ በከተማው በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከእንጦጦ ጀርባ የታጠበ ጭቃ ግድብ ካላስቀረው ጀሪፍ ይደርሳል ማለት ነው። ጋላቢያችን የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ያደገው ደለሉ ባረፈበት፣ መጋለብ የሚፈልገው ደለሉ በተነሣበት። በዚያኛው ጫፍ የተማረው አብዛኛው ነገር በዚህኛው አይሠራም።

## በሰዓት የሚወርዱና ያለ ሰዓት የሚዘሉ

ነገሩ የተጀመረው ለዚህ ተብሎ ባልተሠራ ቴላዮ ነው። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን ካሊፎርኒያ የማሪን አውራጃ ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም የሽዊን ብስክሌቶችን ከየአሮጌ ዕቃ ቤቱ እየለቀሙ ከታማልፓይስ ተራራ ግርጌ ባሉ የጥርጊያ መንገዶች ይወርዱ ነበር። በጥቅምት 1976 ሰዓት ይዘው መወዳደር ጀመሩ። ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ታች እስኪደርሱ ግሪሱን በጭስ መልክ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ ፈትቶ እንደገና ግሪስ መሙላት የጨዋታው አካል ነበር። በዓመቱ ጆ ብሪዝ የሚባለው ወጣት ለዚሁ መሬት ብሎ አዲስ ቴላዮ በየደ። ዛሬ «ማውንቴን ባይክ» የምንለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ቀጥሎ መንገዱ ተለያየ። በ1990 በኮሎራዶ ዱራንጎ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ዳውንሂል ራሱን የቻለ ውድድር ሆነ፤ ከላይ ተነሥቶ ታች በቶሎ መድረስ፣ ሌላ ሕግ የለውም። አገር አቋራጩ በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ ዳውንሂል ከውጭ ቀረ፣ እስከ ዛሬም አልገባም። ፍሪራይድ ደግሞ ሰዓቱን ጥሎ ዝላዩን ያዘ። በካናዳ ቫንኩቨር ደን ውስጥ በተሠሩ የእንጨት ድልድዮች ላይ አደገ፤ በ2001 ዩታ ውስጥ የተጀመረው የሬድ ቡል ራምፔጅ ውድድር ነው ዓለም ያወቀው። ዳኞቹ የሚያዩት ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን የመረጡትን መስመር፣ የዘለሉትን ገደልና አስተራረፋቸውን ነው።

አህጉራችንም ከዚህ አልራቀችም። በ2013 የዓለም ሻምፒዮናው ደቡብ አፍሪካ፣ ፒተርማሪትዝበርግ ላይ ሲካሄድ በዳውንሂል ያሸነፈው የዚያችው ከተማ ልጅ ግሬግ ሚናር ነበር። ያ መስመር ታዲያ በመካከሉ ረጅም የመርገጫ ሜዳ ያለው በመሆኑ የሚታወቅ ነው፤ በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ እንኳ «ቁልቁለት» ሲባል ሁሌ ገደል ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ብስክሌት ሲባል አስፋልት ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከወከሏት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የባሕር ዳርና የሐዋሳ ብስክሌትም ለጥ ያለ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። መካኒኮቻችን ቴላዮ ሲመዝኑ በአንድ እጅ አንሥተው «ቀላል ነው» ካሉ አመሰገኑት ማለት ነው። ለዚህኛው ጉዳይ ያ መለኪያ አይሠራም፤ ለዝላይ የሚገዛ ቴላዮ በአንድ ጣት የሚነሣ ከሆነ ልጠራጠረው ይገባኛል።

> ለዝላይ የሚገዛ ቴላዮ በአንድ ጣት የሚነሣ ከሆነ ልጠራጠረው ይገባኛል።

## የፊት ቱቦው ሲንጋለል

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር መሪው የሚዞርበት የፊት ቱቦ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። የአስፋልት ብስክሌት 73 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ በትንሽ ንክኪ ይታጠፋል። አገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ከ67 እስከ 69 ይሆናል። የዛሬ ዳውንሂል ቴላዮ 63 አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አያስፈራም። መሬቱ ሲያዘቀዝቅ ግን ብስክሌቱ በሙሉ አብሮ ወደፊት ይዘነበላል፤ ቀጥ ያለው ቱቦ ይብሱን ቀጥ ይላል፣ የፊት ጎማው ከጋላቢው ደረት ሥር ይገባል፣ አንድ ድንጋይ ሲገታው ሰውየው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይሄዳል። የተንጋለለ ቱቦ ጎማውን አርቆ ከፊት ያስቀድመዋል፤ ጋላቢው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይቀራል።

ይኸው ጥቅም ሜዳ ላይ ዕዳ ይሆናል። ጀሪፍ ላይ እንዲህ ባለ ቴላዮ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው መሪው ወዲያና ወዲህ እየወደቀ ያሰለቸዋል፤ ሽቅብ ሲረግጥም የፊቱ ጎማ ከመስመር ይወጣል። ስለዚህ «ምን ያህል ይንጋለል?» የሚለው ጥያቄ «በቀን ውስጥ ምን ያህሉን ሰዓት ቁልቁል ትሄዳለህ?» ከሚለው አይለይም።

ሁለተኛው ቁጥር ከፔዳሉ እምብርት ቀጥ ብሎ በሚወጣ መስመርና በፊት ቱቦው አናት መካከል ያለው አግድም ርቀት ነው፤ አምራቾች «ሪች» ይሉታል። ድሮ የብስክሌት ቁመት የሚመረጠው በኮርቻ ቱቦው ርዝመት ነበር፣ አሁንም ብዙ ሻጭ ኮርቻ ላይ አስቀምጦ «እግርህ መሬት ነካ?» ብሎ ይጨርሳል። ቁልቁለት ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፤ ኮርቻው ወደ ታች ወርዶ ሰው ፔዳል ላይ ቆሞ ነው የሚጋልበው። ሲቆም የሚሰማው ርቀት ይህ ሪች ነው። ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ450 እስከ 475 ሚሊ ሜትር ያለው ይስማማዋል፤ ዝላይ የሚያበዛ ወደ አጭሩ፣ ፍጥነት የሚወድ ወደ ረጅሙ ቢያደላ አይከፋም። በአሮጌ ገበያ የሚገኙት የ2010 አካባቢ ቴላዮዎች ብዙዎቹ በዛሬ ዓይን እጅግ አጫጭር ናቸው፤ «ላርጅ» የሚል ጽሕፈት ስላለባቸው ብቻ ረጅም ሰው መግዛት የለበትም።

## ሾኩ ላይ የሚያርፈው

የኋላውን ጎማ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው የሚንቀሳቀስ ክንድ ነው፣ ክንዱን የሚሸከመው ሾክ። በዳውንሂል ቴላዮ የኋላው ጎማ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል፤ በፍሪራይድ ከ170 እስከ 190፤ ኤንዱሮ በሚባለው፣ ሽቅብም በሚረገጠው ዓይነት፣ ከ150 እስከ 170። ሾኩ ራሱ ግን የሚጨመቀው በጣም ያነሰ ነው። ጎማው 200 ሲጓዝ ሾኩ 75 ሚሊ ሜትር ከተጨመቀ ስናካፍለው 2.67 ይመጣል። ሾኩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ጎማው ከሚቀበለው በዚያው ልክ ይበዛል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የበዛበት ቴላዮ ላይ ክብደት ያለው ሰው ሲወጣ ሞላው ሥራውን ሳይጀምር ያልቃል።

ቁጥሩ ደግሞ በጉዞው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የዝላይ ቴላዮ ቁጥሩ መነሻው ላይ ከፍ ብሎ ጠጠሩን በለስላሳው ይውጣል፣ ወደ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ይጠነክራል። ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲወድቁ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ ጥንካሬው ያልደረሰበት ነው። የአየር ሾክ በባሕርዩ ወደ መጨረሻው ስለሚጠነክር የቴላዮውን ድክመት በጥቂቱ ይሸፍናል፤ የሽቦ ሞላ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፣ ቴላዮው ያለውን ያጋልጣል። «ሽቦ ሞላ ይሻላል» የሚለውን ምክር ሳይጠይቁ የሚቀበሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የክንዱ አሠራር ላይ ፋብሪካዎች ብዙ ተካሰዋል፣ ብዙ የፈጠራ መብትም ገዝተዋል። በአንድ መገጣጠሚያ ብቻ የሚንቀሳቀስ አለ፤ በአራት ክንድ የተሠራ አለ፤ መገጣጠሚያውን ከፍ አድርጎ ካቴናውን በተጨማሪ ጥርስ ላይ የሚያዞርም አለ። የመጨረሻው ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ስለሚያደርግ በዳውንሂል ውድድር ላይ ዝናው ገኗል፤ መቀመጫው አንዶራ የሆነው ኮሜንሳል በዚህ አሠራር ብዙ ድል አግኝቷል። ነገር ግን ተጨማሪ ጥርስ ማለት ተጨማሪ ኩሽኔታ፣ ረዘም ያለ ካቴና፣ ጭቃ የሚሰበሰብበት ሌላ ጥግ ማለት ነው። የውድድር ቡድን መካኒክ ማታ ማታ ይፈታዋል። የእኛ ጋላቢ መካኒክ ራሱ ነው።

## መንገዱ የማን ነው?

እንጦጦ ፓርክ በ2020 ሲመረቅ የብስክሌት መንገድም ይዞ ነው የመጣው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የሚመጡት ሯጮች ናቸው፤ ቀጥለው ቤተሰብ ይመጣል፣ ብስክሌት የሚከራይ፣ ፎቶ የሚነሣ። ከፓርኩ አጥር ውጪ ግን እንጦጦ የሥራ መንገድ ነው። ወደ ማርያም የሚወጣ ምእመን አለ፣ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ አለ፣ አህያ የሚነዳ ልጅ አለ። ከሁሉም በላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች አሉ፤ ሸክሙ ከሰውነታቸው ወርድ በእጥፍ ስለሚሰፋ ጠባቧን መንገድ ሞልተውት ነው የሚሄዱት። ጀርባቸው ታጥፎ ዓይናቸው መሬት ላይ ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ቀድመው ማየት አይችሉም።

የቴላዮው ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚቆረጠው። የ200 ሚሊ ሜትር ዳውንሂል ቴላዮ ነፍስ የሚዘራው በፍጥነት ሲሄድ ነው፤ ቀስ ሲል ደንዛዛ ይሆናል፣ መሪው ይከብዳል፣ ሞላው የጋላቢውን ጉልበት ይበላል። ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ደግሞ በዚያ ፍጥነት መሄድ ነውር ነው፣ ነውር ብቻም አይደለም፣ ሰው ይገድላል። ካናዳ ዊስለር ያለው ጋላቢ መንገዱ ለብስክሌት ብቻ ተብሎ የተቀየሰ ነው፤ ወደ ላይም የሚያወጣው የበረዶ ሸርተቴ ሊፍት ነው። እንጦጦ ላይ ሊፍት የለም። 16 ወይም 17 ኪሎ የሚመዝን፣ ማርሹ ለቁልቁለት ብቻ የተሰናዳ ብስክሌት በ3,000 ሜትር ስስ አየር ላይ እየገፉ መውጣት ነው፤ ወይም ለእያንዳንዱ ቁልቁለት መኪና መከራየት።

> ዳውንሂል ቴላዮ ነፍስ የሚዘራው በፍጥነት ሲሄድ ነው፤ ጭራሮ የተሸከመች እናት ባለችበት መንገድ ላይ ያ ፍጥነት አይኖርም።

ብስክሌት የሚያከራዩ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። ለእነሱ ትልቅ ሞላ ማለት ልምድ የሌለው ደንበኛ ሳይሰበር ይመለሳል ማለት ነው። ትንሽ እውነት አለው። ውጭ አገር የኖሩ ጋላቢዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይሟገታሉ፤ ላሊበላ ላይ ከአሸተን ማርያም የሚወርደውን የበቅሎ መንገድ፣ የሰሜን ተራሮችን ጠርዝ እየጠሩ፣ አገሩ ከዊስለር የበለጠ ገደል አለው ይላሉ። አለው። ግን የበቅሎ መንገድ የተሠራው በበቅሎ እርምጃ ነው፤ ድንጋዩ እርከን እርከን፣ መታጠፊያው ጥብቅ ነው። እዚያ የሚረዳው ረጅም ጉዞ ያለው ሞላ ሳይሆን ቶሎ የሚታጠፍ ቴላዮና የማይሸሽ ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው አስፈሪ ቁልቁለትም ቢሆን አስፋልት ነው፤ ለእሱ ሞላ ጭራሽ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከጀሪፍ ለመጣው ልጅ የምመክረው ዳውንሂል አይደለም። ከ160 እስከ 170 የሚጓዝ፣ የፊት ቱቦው 64 አካባቢ የሆነ፣ የሚረገጥ ቴላዮ ነው። ቅር ይለዋል፣ አውቃለሁ። በስልክ ያየው እሱን አልነበረም።

## ብየዳ ቤቱ የማይመልሰው

ገበያ ላይ ካለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። 6061 የሚባለው ቅይጥ ከተበየደ በኋላ በምድጃ ውስጥ በሙቀት ካልታከመ ጥንካሬውን አያገኝም። ፋብሪካው ይህን አድርጎ ነው የሚልከው። ሲሰነጠቅ ግን ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት ውስጥ ጎበዝ ባለሙያ አሳምሮ ሊበይደው ይችላል፤ የማይመልሰው ያንን ሕክምና ነው። ብየዳው ዳር ያለው ብረት ለስልሶ ይቀራል፣ ቀጣዩ ዝላይ እዚያው ጎን ይቀደዳል። አሉሚኒየም ሌላም ጠባይ አለው፤ የቱንም ያህል ትንሽ ጫና ቢሆን ሲደጋገም ድካሙ ይጠራቀማል። አሮጌ የዝላይ ቴላዮ መልኩ አዲስ ሆኖ ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ክሮሞሊ ብረት፣ በተለይ 4130 የሚባለው፣ ከዚህ ይሻላል፤ ከመሰበሩ በፊት መታጠፍ ይቀናዋል፣ ሲሰበርም ብየዳ ይቀበላል። የኋላ ሞላ የሌለው የብረት ቴላዮ፣ የፊት ሹካው ብቻ 150 ወይም 160 የሚጓዝ፣ ዊስለር ድረስ ክብር ያለው ነገር ነው፤ ክሮማግ የሚባለው አምራች ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። መገጣጠሚያ የለው፣ ኩሽኔታ የለው፣ ሾክ የለው። ገንዘቡ ለአንድ ጥሩ ነገር ብቻ ለሚበቃ ሰው ከደካማ ባለ ሁለት ሞላ ይልቅ ይህን ቢገዛ ደስ ይለኛል። ካርቦን ፋይበርን በአጭሩ ልለፈው፦ ግሩም ነገር ነው፣ ጉዳቱ ግን ከውስጥ ስለሚደበቅ ጠጋኝ በሌለበት አገር ያገለገለ ካርቦን መግዛት ቁማር ነው።

መጠንቀቅ ያለብን ከሱፐርማርኬት ባለ ሁለት ሞላዎቹ ነው። መልካቸው የራምፔጅ፣ ሥራቸው የአስፋልት ነው። በብዙዎቹ ላይ «ከመንገድ ውጪ አይጋለብ» የሚል ማስጠንቀቂያ በትናንሽ ፊደል ተለጥፏል፤ ሻጩ አያነብም፣ ገዢውም ቀለሙን እያየ ነው። ትክክለኛው የፍሪራይድና የዳውንሂል ቴላዮ ግን ለመጨረሻው ደረጃ የተፈተነ ነው፤ አምራቾች «ምድብ 5» ብለው ይጽፉበታል። ያ ቁጥር መመሪያ ደብተሩ ላይ ወይም ቱቦው ላይ ከሌለ ዝላዩ በራስ ኃላፊነት ነው።

## ሻንጣው ሲከፈት

አብዛኛው እንዲህ ያለ ቴላዮ አገር የሚገባው በሰው እጅ ነው፤ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ አክስት ወይም የሠፈር ልጅ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ። ያገለገለ ነው፣ ፎቶው በፀሐይ ተነሥቷል። ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የፊት ቱቦው ከታችኛው ቱቦ ጋር የተገናኘበት ብየዳ ሥር ነው፤ ቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካለች ቧጨራ መሆኗን በጥፍር ማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ የኋላውን ክንድ ይዞ ጎን ለጎን ማወዛወዝ፤ ቀቀ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም መቀመጫው ሰፍቷል። ኩሽኔታ ቢያልቅ ችግር የለም። ብዙ ቴላዮ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች የብስክሌት ብቻ አይደሉም፤ 6902 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ውስጡ 15፣ ውጪው 28፣ ወርዱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ ከየትኛውም ማሽን ዕቃ ሻጭ ሊገኝ የሚችል መደበኛ ነው። ቁጥሩን ይዞ ሶማሌ ተራ መዞር ነው። መቀመጫው ከሰፋ ግን ቴላዮው ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ሹካውም ከቴላዮው ጋር መስማማት አለበት። ለአገር አቋራጭ በተሠራ ቴላዮ ላይ የዳውንሂል ባለ ሁለት ትከሻ ሹካ የሚገጥሙ አሉ፤ ሹካው ረጅም ማንሻ ሆኖ የፊት ቱቦውን ነቅሎ ይወስደዋል። የኋላ አክስሉን ወርድም ጠይቆ መግዛት ነው። 148 ሚሊ ሜትር የሆነው በሰፊው ይገኛል፤ 150 እና 157 የሆኑት በአብዛኛው የዳውንሂል ናቸው፣ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ቢሰበር ተኪ ፍለጋው ይረዝማል። የፔዳሉ ማዕከልም በጥርስ የሚጠበቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ለማውጣትም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል።

በመጨረሻ ማርሹን የሚይዘው ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለ። የተሠራው ለመታጠፍና ለመሰበር ነው፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ቴላዮው እንዲተርፍ እሱ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ቅርጽ ነበረው፤ በዚህች ቁራጭ እጦት ወራት የቆመ ውድ ብስክሌት ያላየ መካኒክ የለም። በ2019 ስራም የተባለው አምራች ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅርጽ አወጣ፣ ብዙ ፋብሪካዎችም ተቀበሉት። ቴላዮው ይህን የሚቀበል ከሆነ ሻንጣ ለምታዘጋጀው አክስት ሁለት መለዋወጫ እንድትጨምር መንገር ይበቃል። የማይቀበል ከሆነ ያችኑ የሞዴሉን ቁራጭ አብረው ካልላኩ ገንዘቡን አለመላክ ይሻላል።